ሺህ ፎቶ እያለ አንድ ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ2020፣ ዓለም በወረርሽኝ ምክንያት ቤቱ በተከተተበት ዓመት፣ በደቡብ እንግሊዝ የሚኖር ፊል ሄከልስ የተባለ ሰው ከልጁ ጋር ተቀምጦ የቤታቸውን ውሻ ሣለ። ሰውየው ሠዓሊ አልነበረም፤ ሥዕሉም ይህን አይደብቅም። ለቀልድ ያህል ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ዋጋው 299 ፓውንድ ነው» አለ። ወዳጆቹ ስቀው አልቀሩም፤ የየራሳቸውን ውሻና ድመት ፎቶ እየላኩ «የእኛንም ሣልልን» አሉት። ቆይቶ የማያውቃቸው ሰዎችም ተሰለፉ። እሱም ኸርኩሊ ቫን ዎልፍዊንክል የሚል የቀልድ ስም ለራሱ አውጥቶ፣ የተንሸዋረሩ ዐይኖችና ያልተመጣጠኑ እግሮች እየሣለ፣ ደንበኞቹ የሚከፍሉትን ተርኒንግ ታይድስ ለተባለ ቤት አልባ ሰዎችን ለሚረዳ ድርጅት እንዲለግሱ ጠየቃቸው። የተሰበሰበው ገንዘብ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆነ።

ልግስናው ገንዘቡን ያስረዳል። ወረፋውን ግን አያስረዳም። ለችግረኛ መለገስ የፈለገ ሰው ድመቱን ማሣል አያስፈልገውም፤ የድመቱን መልክ ማየት የፈለገም ስልኩን ከኪሱ ቢያወጣ ይበቃዋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ አንድን ውሻ በባለቀለም እርሳስ ለመሣል ሳምንታት የሚፈጅባቸው፣ ሥራቸው ከፎቶ ለመለየት የሚያስቸግር ሠዓልያን አሉ። ወደ ሁለቱም የሚሄደው ደንበኛ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ሺህ ፎቶ እያለው አንድ ሥዕል የሚፈልግ።

ታዲያ ይህ ሰው የሚገዛው ምንድን ነው? መልክን ብቻ ከሆነ ፎቶው ይበቃው ነበር። የዚህ ጸሐፊ መልስ፣ ሰው የሚከፍለው ለፍርድ ነው የሚል ነው። ከፎቶ የሚሣል ጥሩ ሥዕል ማለት፣ አንድ ሰው ከፎቶው ላይ የቱን እንደሚያምን፣ የቱን እንደሚጥል፣ የቱን ደግሞ ከባለቤቱ ጠይቆ እንደሚሞላ የወሰነበት ሥራ ነው። ይህ ውሳኔ ከሌለ የእጅ ጥበቡ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ የተገኘው የፎቶው ግልባጭ ብቻ ይሆናል።

እንስሳውን የሚያውቅ ሠዓሊ

የቤት እንስሳን ማሣል የቆየ ልማድ ነው። አዲሱ ነገር፣ እንስሳውን በዐይኑ አይቶት ለማያውቅ ሠዓሊ መስጠቱ ነው።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ስተብስ (1724–1806) ፈረስ የሚያውቀው ከቆዳው ሥር ጭምር ነበር። ሆርክስቶው በምትባል መንደር ተቀምጦ ለ18 ወራት ያህል የፈረስ በድን እየገፈፈ ጡንቻውንና አጥንቱን አጥንቷል፤ ያጠናውንም በ1766 በመጽሐፍ አሳትሟል። በ1762 ገደማ ለማርኩዊስ ኦቭ ሮኪንግሃም የሣለው ዊስልጃኬት የተባለ ፈረስ ዛሬ በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ሞልቶ ይታያል። ከኋላው ሰማይ የለ፣ ሣር የለ፣ ልጓም የያዘ ሰው የለ፤ ፈረሱ ብቻ አለ።

በ1841 ንግሥት ቪክቶሪያ ለባለቤቷ ለልዑል አልበርት የገና ስጦታ እንዲሆን፣ ኢኦስ የተባለችውን ግሬይሃውንዱን በኤድዊን ላንድሲር እጅ አሣለች። በሥዕሉ ላይ አልበርት የለም። ባርኔጣው፣ ጓንቱና ዘንጉ ግን አሉ፤ ውሻዋም አጠገባቸው ቆማለች። ላንድሲር የቤተ መንግሥቱን ውሾች ደጋግሞ የሣለ ሰው ስለነበር፣ ውሻ ጌታውን ሲጠብቅ እንዴት እንደሚቆም ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም። በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ አንዲት ባለጸጋ ካርል ካህለር ለተባለ ኦስትሪያዊ ሠዓሊ 42 ድመቶቿን በአንድ ሸራ ላይ እንዲሥል 5,000 ዶላር ከፈለች። ሠዓሊው የየድመቱን ጠባይና አቀማመጥ ሲያጠና ዓመታት ፈጅቶ በ1891 ጨረሰው። «የሚስቴ ወዳጆች» የተባለው ይህ ሥዕል በ2015 ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ኒው ዮርክ ላይ በ826,000 ዶላር ተሽጧል።

እነዚህን ሥራዎች አንድ የሚያደርጋቸው የደንበኞቹ ሀብት ብቻ አይደለም። ሦስቱም ሠዓልያን ከእንስሳቱ ጋር ጊዜ አሳልፈዋል። ክፍያው ውድ የሆነውም ከፊሉ በዚህ ነው፤ ውሻ «አትንቀሳቀስ» ቢሉት አይሰማም። ዴቪድ ሆክኒ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስታንሊና ቡጂ የተባሉትን ሁለት ዳክስሁንድ ውሾቹን ከፊቱ እያያቸው ሲሥል፣ ሸራና ወረቀቱን በየቤቱ ጥጋጥግ በእነሱ ቁመት አሰናድቶ፣ ተኝተው ሳሉ ተሽቀዳድሞ መሥራት ነበረበት። የበር መጥሪያ ከተሰማ ሥራው ቆመ ማለት ነው። አንዲ ዋርሆል በ1976 የድመትና የውሻ ሥዕሎቹን ሲሠራ ከፎቶ መነሣቱ አያስገርምም።

ፎቶ ይህን ሁሉ ድካም አቃለለ። የንጉሥ ቤት የነበረውን ነገር የደመወዝተኛ ቤት አደረገው። በአንጻሩ ግን ሠዓሊውን ከእንስሳው ለየው። ውሻው ሲደሰት አንድ ጆሮው ብቻ እንደሚቆም፣ ድመቷ እንግዳ ሲመጣ ዐይኗን እንደምታጠብብ የሚያውቀው አሁን ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ከፎቶ በሚሣል ሥራ ውስጥ የእውቀቱ ሸክም ወደ ደንበኛው ዞሯል። ብዙ ደንበኞች ይህን አያውቁትም፤ ፎቶ ልከው፣ ቀብድ ከፍለው ይቀመጣሉ።

ለፎቶው መስቀለኛ ጥያቄ

ፎቶ ሠዓልያንን ያረመበት ጊዜ ነበር። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ 12 ካሜራ ደርድሮ የምትጋልብ ፈረስ አነሣ። ለዘመናት ሠዓልያን የሚጋልብ ፈረስን ሁለት እግሩን ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ ዘርግተው ይሥሉ ነበር። ፎቶዎቹ ግን አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ከሆዷ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑን አሳዩ።

ከዚያ ወዲህ «ፎቶ አይዋሽም» የሚል እምነት ሥር ሰደደ። የቤት እንስሳ የሚሥል ባለሙያ ግን ፎቶን እንደ ምስክር ይቀበለዋል እንጂ እንደ ዳኛ አይደለም፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሳይጠይቀው አያልፍም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ርቀት ነው። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ሌንስ ስላለው፣ ውሻውን ፍሬም ለማስሞላት ሲባል በጣም ይቀርቡታል። ሲቀርቡት ለካሜራው ቅርብ የሆነው አፍንጫ ያብጣል፣ ራቅ ያሉት ጆሮዎች ያንሳሉ፣ ራሱ ከአካሉ ይገዝፋል። ይህን ፎቶ እንዳለ የገለበጠ ሠዓሊ ሌላ ውሻ ሣለ ማለት ነው። ቤተሰቡ ያየዋል፣ አንድ ነገር ይጎረብጠዋል፣ ምን እንደሆነ ግን መናገር ያቅተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት፣ ሁለት እጥፍ ማቅረብ፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በርከክ ብሎ በእንስሳው ዐይን ትይዩ ማንሣት።

ሁለተኛው ስለ ብርሃን ነው። ውሻና ድመት ከዐይናቸው ብሌን ጀርባ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አላቸው፤ በጨለማ የሚረዳቸው እሱ ነው። ፍላሽ ሲበራባቸው ይህ ሽፋን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጸብራቅ ይመልሳል፤ የዐይናቸው ቀለምም ጨርሶ ይጠፋል። በሥዕል ውስጥ እንስሳውን ሕያው የሚያደርገው ደግሞ ዐይኑ ነው። ከመስኮት የመጣች አንዲት የብርሃን ነጥብ ዐይኑ ላይ በትክክለኛው ቦታ ካረፈች የተቀረው ስህተት ይማራል፤ ያቺ ነጥብ ከተሳሳተች ግን ሺህ የተጣራ ፀጉር አያድነውም።

ሦስተኛው ስለ ጥቁር ነው። የጥቁር ውሻ ባለቤት ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ሁለት ዐይንና አንድ ምላስ ብቻ ነው። ጥቁር ፀጉር ግን በእውኑ ጥቁር ብቻ አይደለም። ሰማይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲመታው ቡናማ። በባለቀለም እርሳስ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን የሚገነባው ከጥቁር ሰማያዊና ከጥቁር ቡና ድርብርብ ነው፤ ጥቁሩ እርሳስ የሚነካው መጨረሻ ላይ፣ በጥቂቱ ነው። ጢሙም የራሱ ብልሃት አለው። ነጭ ጢም ከተቀባ ቀለም ላይ በእርሳስ አይወጣም። ስለዚህ ቀለሙ ሳይነካ በፊት ወረቀቱ ላይ ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን ነገር ይሰረጎዳል፤ እርሳሱ ከላዩ ሲያልፍ ጉድጓዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ማለት ሠዓሊው የመጨረሻዋን መስመር ከመጀመሪያዋ በፊት መወሰን አለበት ማለት ነው።

የትኛውን ውሻ?

ከእጅ ጥበቡ ሁሉ የሚከብደው ግን የዕድሜ ጥያቄ ነው። ብዙ ትዕዛዝ የሚመጣው እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ወራት ፎቶዎች ነው፤ የከሳ ጎን፣ የሸበተ አፍ፣ ሞራ የጋረደው ዐይን። ትልልቆቹ ልጆች አብሯቸው ሲሮጥ የነበረውን ጎረምሳ ውሻ ይፈልጋሉ። ሌሊት ሌሊት ደግፋ ወደ ግቢ ታወጣው የነበረችው እናት ግን ሽበቱ እንዲጠፋ አትወድም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሥዕሉ ግን አንድ ነው።

ሥዕል ከፎቶ የሚበልጥበት ቦታም እዚሁ ላይ ነው። ካሜራ አንዲትን ቅጽበት ብቻ ይይዛል። ሠዓሊ ግን ዐይኑን ከአንድ ፎቶ፣ የጆሮውን አያያዝ ከሌላው፣ የደረቱን ነጭ ነጠብጣብ ከሦስተኛው ወስዶ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ኑሮ ውስጥ የትኛዋም ቀን ያልሆነች፣ ሁሉም ግን «አዎ፣ እሱ ነው» የሚሏትን መልክ ሊያወጣ ይችላል። በሕይወት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ውሾችን ጎን ለጎን ማስቀመጥም ይችላል። ይህ ግን ያለ ስሌት አይሆንም፤ የአንዱ ፎቶ ብርሃን ከግራ፣ የሌላው ከቀኝ ከመጣ፣ ሠዓሊው ከሁለቱ የአንዱን ጥላ እንደገና መፍጠር አለበት። ሳያስተካክል የለጠፋቸው እንደሆነ፣ የተመለከተ ሁሉ ሁለት የተቀደዱ ወረቀቶች እንጂ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ውሾች አያይም።

እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚገኘው በመጠያየቅ ነው። ጠባዩ እንዴት ነበር? ማንን ይከተል ነበር? ማሰሪያው ይግባ ይውጣ? ሥዕሉ የሚሰቀለው የት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ቢመስልም ተራ አይደለም። ከባለቀለም እርሳሶች መካከል በተለይ አንዳንድ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለሞች ፀሐይ ያነጣቸዋል፤ ፓስቴል ደግሞ ሲነካ ይበናል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳ ማራቅ፣ ወረቀቱ መስተዋቱን እንዳይነካ በካርቶን ጠርዝ አንሥቶ ማስገባት፣ የሥራው ዕድሜ ጉዳይ ነው።

እጅና ፊልተር

አሁን ማንኛውም ሰው የውሻውን ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ በሰከንዶች ውስጥ «የእርሳስ ሥዕል» ሊያወጣ ይችላል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ለራሱ መዝናኛ ያወጣውን ሰው ማን ይከሰዋል? ነውሩ ያንኑ «በእጅ የተሣለ» ብሎ መሸጡ ነው። ኤትሲ የተባለው የእጅ ሥራ ገበያ በ2024 ሻጮች ዕቃቸው በእጃቸው የተሠራ ይሁን በእነሱ ንድፍ ብቻ የወጣ ለይተው እንዲያስታውቁ ማድረጉ የዚህ ግርግር ውጤት ነው።

አንዳንዶች መስመሩን ሌላ ቦታ ላይ ያሰምሩታል፤ ፎቶውን ካሬ ካሬ አድርጎ መገልበጥን፣ በፕሮጀክተር ወረቀት ላይ መጣልን፣ በብርሃን ሰሌዳ መከተልን ማታለል ነው ይላሉ። ይህ የተጋነነ ነው። ንድፍን በካሬ ማሸጋገር ከካሜራ በፊት የነበረ፣ የታላላቅ ሠዓልያን ዘዴ ነው። ዋናው ነገር መስመሩ በምን መጣ ሳይሆን፣ መስመሩ ሲሳሳት የሚያይ ሰው ነበር ወይ ነው። የአፍንጫውን እብጠት ጭምር በፕሮጀክተር የገለበጠ እጅና ፊልተር በዚህ ረገድ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ፎቶውን አምነው ተቀብለዋል። ሄከልስ ደግሞ በሌላው ወገን ነው። ምንም አልገለበጠም፣ ምንም አልመሰለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን እንስሳ አይቶ የሚያስቅ ነገር መርጦለታል። ሰዎች የወደዱለትም ይህንኑ ምርጫ ነው።

ፎቶው የማን ነው?

ሕግም በራሱ መንገድ ወደዚሁ ጥያቄ ይመጣል፤ ሠዓሊው ከፎቶው ላይ ምን ጨመረ?

በ1980 አርት ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ሰው የጀርመን እረኛ ቡችሎቹን እንዲያነሣለት ባዘዘው መሠረት፣ ሰውየውና ባለቤቱ ቡችሎቹን በረድፍ ታቅፈው ተቀምጠው የሚታዩበትን ፎቶ አነሣ። ፎቶው በኋላ በፖስታ ካርድ ታተመ። ጄፍ ኩንስ የተባለው ዝነኛ ቀራጺ ካርዱን ገዝቶ፣ የቅጂ መብት ምልክቱን ቀድዶ፣ በእንጨት እንዲቀርጹለት ለባለሙያዎች ሰጠ። ከተቀረጹት ሦስቱ በጠቅላላው 367,000 ዶላር ተሸጡ። ፎቶ አንሺው ከሰሰ፤ በ1992 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ለእሱ ፈረደ። በግንቦት 2023 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሊን ጎልድስሚዝ ያነሣችውን የሙዚቀኛውን የፕሪንስን ፎቶ ተከትሎ ዋርሆል በሠራው ምስል ጉዳይ፣ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ለፎቶ አንሺዋ ወስኗል።

ለተራው ደንበኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ራስህ ያነሣኸውን ፎቶ ከላክህ ችግር የለም። ስቱዲዮ ያነሣውን ወይም ከሌላ ሰው ገጽ ያገኘኸውን ግን አስፈቅድ፤ የውሻው ባለቤት መሆን የፎቶው ባለቤት አያደርግም። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ሥዕልንም ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራቸዋል።

ጉርድ ፎቶ

«ለውሻ ሥዕል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በአገራችን ውሻ በአብዛኛው ግቢ ጠባቂ ነው፤ ሳሎን አይገባም። እንስሳን ማክበር ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። አውሮፓዊው መስፍን ፈረሱን በሸራ ሲያስቀምጥ የእኛው መኳንንት በስማቸው ላይ አስቀመጡት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በፎቶ ቀርታለች።

ሥራው ራሱም ቢሆን ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የሚለየው በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በእርሳስና በከሰል የሰው መልክ እየሣሉ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ለምረቃ፣ ለሠርግ፣ ለልደት ትዕዛዝ ይቀበላሉ፤ ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ሥራው በፍሬም ይወጣል። ከሁሉ የሚከብዳቸው ደግሞ የሟች ወላጅ ሥዕል ነው። አንዳንዴ ለዚህ የሚመጣው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ከመታወቂያ ላይ የተነሣች፣ ማኅተም ያረፈባት ጉርድ ፎቶ። ደንበኛው «እናቴ ግን እንዲህ ኮስታራ አልነበረችም» ይላል። በዚህ ጊዜ ሠዓሊው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ጉርዱን መገልበጥ፣ ወይም ልጇን ቁጭ አድርጎ ስትስቅ የትኛው ጉንጯ ይሰረጎድ እንደነበር መጠየቅ። የለንደኗን ድመት የሚሥለው ሰውም፣ የአዲስ አበባን እናት የሚሥለው ወጣትም የሚፈተኑት በዚሁ ነው።

ዋጋን በተመለከተም ትምህርቱ ያው ነው። ትዕዛዝ ሰጪ ብዙ ጊዜ የሚከራከረው በወረቀቱ ስፋት ነው፤ «ኤ ፎር ስንት፣ ኤ ስሪ ስንት?» ሠዓሊውም በዚያው ይመልሳል። ስፋት ግን ከሥራው የሚለካውን ክፍል ብቻ ነው የሚያሳየው። ፎቶ መምረጥ፣ መጠየቅ፣ ንድፉን አሳይቶ ማስተካከል፣ የቤተሰብ ክርክር መስማት፣ እነዚህ ሁሉ ሰዓት ናቸው፤ በዋጋው ውስጥ ካልገቡ ሠዓሊው ይተዋቸዋል፣ ከተዋቸው ደግሞ የሚቀረው ከማሽን ጋር በፍጥነት መወዳደር ነው። በዚያ ውድድር ማንም ባለ እርሳስ አያሸንፍም። ስለዚህ ንድፉ በእርሳስ እንዳለ ለደንበኛው ማሳየት፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚፈቀድ፣ ቀብዱ በምን ሁኔታ እንደማይመለስ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ለሁለቱም ይበጃል።

ውሻውንም ሆነ እናቱን ሊያሥል ያሰበ ሰው የሠዓሊውን የቀድሞ ሥራዎች ማየቱ ተገቢ ነው፤ እጁን ያሳዩታል። ፍርዱን የሚያሳየው ግን ሠዓሊው ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ፎቶውን ተቀብሎ ወዲያው ዋጋ የጠራ ሰው ቅጂ እየሸጠ ነው፤ ለቅጂ ደግሞ ስልክህ ከእሱ ይረክሳል። «ሌላ ፎቶ የለህም? አፍንጫው እንዲህ ነበር ወይ? ስንት ዓመቱ ሳለ እንዲሣል ትፈልጋለህ?» ብሎ የጀመረው ግን፣ ዋጋው ቢወደድም፣ የምትከፍልበትን ሥራ ከወዲሁ ጀምሯል።